ወፍራሙ ክር ወደ ቆላ ሲወርድ

የዋልያስ ባንድን «ሙዚቃዊ ስልት» በስልካችሁ ስፒከር ከፍታችሁ የምታዳምጡ ከሆነ ግማሹን አልሰማችሁትም። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ ከጥፍር የማትበልጥ የስልክ ስፒከር ይህን ድምፅ ማውጣት አትችልም። ጆሮ ማዳመጫ ሰኩና እንደገና ስሙት። ከኦርጋኑና ከሳክስፎኑ ሥር የሚሄድ፣ ሳይቸኩል ዘፈኑን ተሸክሞ የሚጓዝ አንድ ሰው አለ። መላከ ገብሬ ይባላል። ቁራጩ ያለበት «ቼ በለው» እ.ኤ.አ. በ1977 ወጣ። ከዚያ አልበም ሃይሉ መርጊያን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ ሙላቱ አስታጥቄንማ ዓለም ያውቀዋል። መላከን ግን ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? የቤዝ ተጫዋች ዕጣ ይኸው ነው። ሲኖር ማንም አያነሣውም፣ ሲጠፋ ግን ሁሉም «ምን ጎደለ?» ይላል።

ይህን ሁሉ የማነሣው የእህቴ ልጅ 13 ዓመት ስለሞላት ነው። ሸሕዲ ነው የምትኖረው፤ አንዳንዶቻችሁ ገንዳ ውሃ የምትሉት የምዕራብ ጎንደሩ ከተማ፣ ወደ መተማ ዮሐንስና ወደ ሱዳን ድንበር የሚወስደው መንገድ ላይ። ደውላ «ጋሼ፣ ቤዝ ነው የምፈልገው፤ ሊድ ጊታር አይደለም» አለችኝ። እናቷ ደግሞ ስልኩን ተቀብላ «ኪቦርድ ይሻላታል፣ ቢያንስ ሠርግ ያበላታል» አለች። እህቴ የዋዛ ሰው አይደለችም። ገንዘቡ የሰሊጥ ገንዘብ ነው፣ በዓመት አንዴ የሚገባ። የተሳሳተ መሣሪያ ከተገዛ ደግሞ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል፣ ልጅቷም «እኔ ሙዚቃ አይሆንልኝም» ብላ ትተወዋለች። መሣሪያው ስለከበዳት ወይም አንገቱ ስለተጣመመ ብቻ!

ኢንተርኔት ላይ «ለጀማሪ ምርጥ 10 ቤዝ» የሚሉ ዝርዝሮች ሞልተዋል። ሁሉም የተጻፉት በየሠፈሩ የሙዚቃ ሱቅ ላለው፣ መብራቱ ለማይጠፋ ሰው ነው። እኔን የረዳኝ የመሣሪያው ታሪክ ነው። እያንዳንዱ የቤዝ ክፍል አንድ ሰው የሆነ ቦታ ለገጠመው ችግር የሰጠው መልስ ነውና፣ ያ ችግር የእኛም መሆን አለመሆኑን ማየት ይቻላል። (ከመተማው ጦርነት በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ ጊታሩም የእነሱ ነው።)

የእኛ ሙዚቃ ቤዝ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ማሲንቆ ከድምፃዊው ጋር ትሄዳለች፣ ክራር መሐሉን ትሞላለች፣ ከታች ከበሮ ይመታል፤ ከበሮ ግን ምት እንጂ ዜማ አይይዝም። በእርግጥ በገና አለ። አሥር ክሮች፣ ከክሩ ሥር የሚገቡ የቆዳ ቁርጥራጮች፣ ያ ንዝረቱ ሆድ ውስጥ የሚገባ ድምፅ። ነገር ግን በገና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ ማንም በበገና እስክስታ አይመታም። ስለዚህ ለጭፈራ የሚሆን «ታች» ከውጭ መምጣት ነበረበት፣ የመጣውም በቱቦ ነው።

በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ከአርመን ጭፍጨፋ የተረፉ አርባ ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ሰሙና ይዘዋቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። በእንዲህ ያለ የነሐስ ባንድ ውስጥ የቤዝን ሥራ የሚሠራው ያ ትከሻ ላይ የሚጠመጠመው ትልቅ ጡሩንባ ነው። ቀጥሎ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች መጡ። በ1955 ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ማለት ነው። የኬቮርክ ወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ኦርኬስትራ ሲያደራጅና ሲያሠለጥን ዘፈኖቻችን ቀስ በቀስ ከታች የሚይዛቸው ድምፅ አገኙ።

በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ የቤዝ ተጫዋቾች ትልቁ ችግር የመኪና ጣሪያ ነበር። ቀልድ አይደለም። ኮንትራባሱ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ባንዱ ከከተማ ከተማ ሲዞር ጣሪያ ላይ ታስሮ ይሄዳል፣ ዝናብና ፀሐይ ይመታዋል። ደርሶ መድረክ ላይ ሲወጣም ከከበሮውና ከነሐሱ ጩኸት ጋር አይሰማም። ሊዮ ፌንደር የሚባል የካሊፎርኒያ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ራሱ ጊታር መጫወት የማይችል ሰው፣ በ1951 መልስ ሰጠ፦ እንደ ጊታር የሚታቀፍ፣ በኤሌክትሪክ የሚጮህ፣ አንገቱ ላይ ፍሬት ያለው ቤዝ። «ፕሪሲዥን» ያለውም በፍሬቱ ምክንያት ነው፤ ጣት ትንሽ ቢሳሳትም ድምፁ ልክ ይወጣል። (ፖል ታትማርክ የሚባል የሲያትል ሰው በ1930ዎቹ ተመሳሳይ ነገር ሠርቶ ነበር፤ ገበያ አላገኘም።) መንክ ሞንጎመሪ በላዮኔል ሃምፕተን ባንድ ይዞት ሲዞር ደግሞ ዓለም ሰማው።

ፌንደር የወሰናቸው ሁለት ነገሮች እስከ ሸሕዲ ድረስ ይከተሉናል። አንደኛው የክሩ ርዝመት ነው፤ ክሩ ከሚያርፍባቸው ከሁለቱ ድጋፎች መካከል 34 ኢንች፣ 86 ሴንቲ ሜትር ከምናምን። ከኮንትራባስ ያጠረ፣ ከጊታር የረዘመ፣ ለአዋቂ እጅ የተመጠነ አማካይ። ሁለተኛው፣ አንገቱን ከገላው ጋር በማጣበቂያ ሳይሆን በአራት ብሎን አያያዘው። ይህን ያደረገው ፋብሪካው በፍጥነት እንዲያመርትና የተበላሸ አንገት በቀላሉ እንዲቀየር ነው። ለእኛ ግን ሌላ ትርጉም አለው፦ ክሩን አላልቶ፣ አራቱን ብሎን ፈትቶ አንገቱን ለብቻ፣ ገላውን ለብቻ በልብስ መሐል ጠቅልሎ በሻንጣ ማምጣት ይቻላል። ከአረብ አገርም ከአሜሪካም ዘመድ ሲመጣ ዕቃ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ ቤዝ ወርቃማ ዘመን 1970ዎቹ ናቸው። አይቤክስ ባንድ ነበረ፣ በኋላ ሮሃ የሆነው፤ ቤዙን የያዘው ጆቫኒ ሪኮ ነው፣ ጊታሩን ሰላም ሥዩም። የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» በ1975 ያጀቡት እነሱ ናቸው። እዚያ ላይ የሪኮ ቤዝ ዘፈኑን ከሥር እየገፋ እንደ ባቡር ይነዳዋል። የችክችካ ምት በስድስት ይቆጠራል፤ ጆሯችሁ አንዴ ሦስት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ሁለት ሦስት ጊዜ አድርጎ ይሰማዋል። የጥሩ ቤዝ ተጫዋች ጥበብ ሁለቱንም ሳይሰብር መሐል ላይ መቆም ነው። ከአሜሪካ ነፍስ ሙዚቃ የተማሩት ብዙ ነገር እንዳለ ግልጽ ነው፣ ይህኛው ግን ከዚያ የመጣ አይመስለኝም። ከእስክስታ ነው የመጣው።

ከዚያ ደርግ፣ ሰዓት እላፊ። ባንዱም ታዳሚውም ማታ ከገቡ በኋላ እስኪነጋ መውጣት የለም፤ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታሉ። ዋልያስ በሒልተን የሚያመሹት በዚህ ሁኔታ ነበር። በ1981 አሜሪካ ሄዱ፤ ሃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ። ያ የቤዝ ድምፅ በአንድ የአውሮፕላን ጉዞ ከአገር ወጣ።

ስለ ደርግ ስናወራ አንድ የምንዘለው ነገር አለ። ጊታር ከአዲስ አበባ ሆቴሎች ወጥቶ ወደ ክፍለ ሀገር እንዲደርስ ካደረጉት አንዱ የኪነት ቡድኖች ናቸው። ጎንደር ፋሲለደስ ኪነት ነበረው፣ ወሎ ላሊበላ። ዓላማው ቅስቀሳ ነበር፣ ይታወቃል። ነገር ግን ክራርና ማሲንቆ ከዘመናዊ መሣሪያ ጋር አንድ መድረክ ላይ ሲቆሙ ያየ የክፍለ ሀገር ልጅ መፈክሩን ረስቶት ይሆናል፣ ድምፁን ግን አልረሳም።

ቀጥሎ ኪቦርድ መጣና ቤዙን በላው። አንድ ሰው፣ አንድ መሣሪያ፣ ሁለት ሞንታርቦ፤ ከበሮው ከማሽን፣ ቤዙ ከግራ እጅ። ለሠርግ ደጋሽ አምስት ሰው ከመቅጠር አንድ መቅጠር ይረክሳል። እህቴ ልክ ናት፤ በኛ አካባቢ ከሙዚቃ ዳቦ የሚበላው ኪቦርድ ነጂው ነው። ግን ለዚያም ይመስለኛል ብዙ የዘጠናዎቹ ካሴቶች ከታች ሁሉም አንድ ዓይነት የሚመስሉት፤ የግራ እጅ የቀኝ እጅን ሲጠብቅ አይተነፍስም። የቤዝ ተጫዋች ግን ሌላ ሥራ የለውም። ኋላ እንደ ሔኖክ ተመስገን ያሉ፣ በርክሊ ተምረው የተመለሱ ሙዚቀኞች አዲስ አበባ ላይ ቤዝን መልሰው የሚሰማ መሣሪያ አደረጉት። መተማ ግን ከአዲስ አበባ ሩቅ ነው።

ወደ ካርቱም ግን ቅርብ ነው፣ ይህንን አትርሱ። መተማን በታሪክ መጽሐፍ የምናውቀው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ቦታ ሆኖ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ከመቶ ዓመት በላይ ግን በአብዛኛው የገበያ ታሪክ ነው፦ ሰሊጥና ጥጥ፣ ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው ሳሉግ፣ ከጋላባት የሚሻገረው ሻይና ሽቶ፣ ዘፈንም። የሱዳን ዘፈን እንደ እኛው በአምስት ድምፅ ይሠራል፤ መሐመድ ዋርዲን ለመውደድ አረብኛ ማወቅ ያላስፈለገን ለዚህ ነው። ሸርሐቢል አሕመድ ደግሞ የኤሌክትሪክ ጊታርን ወደ ሱዳን ዘፈን ካስገቡት ቀዳሚው ነው። ባለቤቱ ዘኪያ አቡልጋሲም ባንዱ ውስጥ ጊታር ትጫወት ነበር፤ የመጀመሪያዋ ሴት የሱዳን ጊታሪስት ትባላለች። ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግራት «ከጋላባት ማዶ?» አለችና ዝም አለች። በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ በዚያው በጋላባት በኩል ስንት ሰው ተሻግሮ እንደመጣ እሷ በዓይኗ ያየችው ነው፤ ከእኔ አትሰማውም።

እንግዲህ ወደ ግዢው።

መጀመሪያ ልክ። የ13 ዓመት ልጅ 34 ኢንቹን መያዝ አትችልም አልልም፤ የሚችሉ አሉ። ግን ሒሳቡን እንየው። የትዝታ ሙሉ ቤት (ሜጀሩ ማለቴ ነው) ከ2ኛው እስከ 5ኛው ፍሬት ባለው ቦታ፣ እጅ ሳይንቀሳቀስ፣ አራቱ ጣት ለአራቱ ፍሬት ሆኖ ይገኛል። ይህ ርቀት በ34 ኢንች ቤዝ ላይ 12 ሴንቲ ሜትር ከትንሽ ነው። ክሩ 30 ኢንች በሆነ አጭር ቤዝ ላይ ግን 11 አይሞላም። ከአንድ ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ልዩነት ለእናንተ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ለትንሽ እጅ ግን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መለማመድና በሦስተኛው ቀን አንጓዋን አሟት መተው ማለት ነው። አጭሩ የልጅ መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። ፌንደር ራሱ በ1966 ለተማሪዎች ብሎ ያወጣው «ሙስታንግ» 30 ኢንች ነው። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ በ1961 ሐምቡርግ ላይ የገዛው ሆፍነርም አጭር ነው፤ የመረጠው ደግሞ ርካሽ ስለሆነ፣ ግራኝ በመሆኑም ቅርጹ ከሁለቱም ወገን እኩል ስለሆነ ሲገለበጥ አያስቀይምም ብሎ ነው። በርካሽ ቤዝ የተሠራውን ሙዚቃ እናውቀዋለን።

ዛሬ በፌንደር ርካሽ መስመር በስኳየር ሥር «ብሮንኮ» የሚባል አጭር ቤዝ አለ፤ አይባኔዝ ደግሞ ከዚያም ያጠረ «ሚክሮ» የሚለው አለው። ከሁለቱ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ከ30 ኢንች ሲያጥር ወፍራሙ ክር ይላላና ድምፁ ጭቃ ይሆናል። አዲስ አበባ ሁለቱም ላይገኙ ይችላሉ። ያገለገለ ረጅም ቤዝ በጥሩ ሁኔታ ከተገኘ እሱም ይሆናል፤ ከ5ኛው ፍሬት ወደ ላይ ሲሄዱ ፍሬቶቹ ስለሚቀራረቡ ልጅቷ የመጀመሪያውን ዓመት እዚያ ላይ ትለማመዳለች። አምስት ክር ያለውን ግን «ብዙ ክር ብዙ ጥቅም» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አመስግናችሁ ውጡ። ጆቫኒ ሪኮ በአራት ክር ነው ያን ሁሉ የሠራው።

ቤዝ ክራርስ? ይህን የጠየቀኝ ጎረቤቴ ነው፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። በአዲስ አበባ የባህል ምሽት ቤቶች ወፋፍራም ክር የተወጠረበት፣ በኤሌክትሪክ የሚጮህ ትልቅ ክራር አለ፤ ድምፁም ያምራል። እጀ ብልህ አናጺ ይሠራዋል፣ በመንገድ ቢሰበር ይጠገናል። ችግሩ ቅኝቱ ነው። ከትዝታ ወደ ባቲ ሲኬድ ክሮቹ እንደገና መቃኘት አለባቸው፣ አንቺሆዬ ሲመጣ ደግሞ ሌላ። ለፈተና ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል። የሱዳን ዘፈን፣ ሬጌ፣ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ መዝሙር፣ ሁሉንም መሞከር ለምትፈልግ ልጅ ፍሬት ያለው ይሻላል ባይ ነኝ። ጎረቤቴ አልተስማማም።

ቀጥሎ ሙቀት። ሸሕዲ በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ እርጥበት። የቤዝ አንገት እንጨት ነው፤ አራቱ ክሮች ተደምረው የአንድ ሰው ክብደት ያህል ይስቡታል። ይህን የሚቋቋም የብረት ዘንግ አንገቱ ውስጥ አለ፣ በባለ ስድስት ጎን ቁልፍ የሚዞር። ስትገዙ ያ ቁልፍ አብሮ መኖሩን፣ ዘንጉም መዞሩን አረጋግጡ። ወፍራሙን ክር በአንድ እጅ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ፣ በሌላው የመጨረሻው ላይ ተጫኑትና መሐሉን ተመልከቱ፤ ከክሩ ሥር የቢዝነስ ካርድ ውፍረት ያህል ክፍተት ካለ ጤነኛ ነው። ጣት የሚያስገባ ከሆነ አንገቱ ጎብጧል። ጭራሽ ክፍተት ከሌለ ዘንጉ መላላት ይፈልጋል። እቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ግድግዳው ላይ አይሰቀል፤ አልጋ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። የቆመ ኢሱዙ ጋቢና ውስጥ በጭራሽ።

ክር። የሞታውኑ ጄምስ ጀመርሰን፣ ከሁሉም የቤዝ ተጫዋች በላይ ብዙ ሰው ስሙን ሳያውቅ የጨፈረለት ሰው፣ የ1962 ፕሪሲዥኑን ክር ቀይሮ አያውቅም ይባላል፤ ሲበጠስ ብቻ። እሱ የሚጠቀመው ላዩ ለስላሳ የሆነውን፣ ጠፍጣፋ የተጠመጠመ ክር ነው። ከሱቅ አዲስ ቤዝ ስትገዙ የሚመጣው ደግሞ ሸካራው ነው፤ ሲያብረቀርቅ ደስ ይላል፣ ላብና አቧራ ግን በወራት ውስጥ ይገድለዋል፣ የልጅንም ጣት ይፍቃል። መተኪያ ለመግዛት ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ድረስ መላክ ለሚያስፈልገው፣ መንገዱም ዛሬ ክፍት ነገ ዝግ ለሆነበት ሰው፣ ለስላሳውን አንዴ ገዝቶ ለዓመታት መርሳት ነው። አጭር ቤዝ ከሆነ አጭር ክር ይግዙለት፤ የረጅሙ ክር ወፍራም ክፍሉ መቃኛው ላይ ሲጠመጠም ሊበጠስ ይችላል።

ባትሪ የሚፈልግ፣ ብዙ ቁልፍ ያለው «አክቲቭ» ቤዝ አይምጣ። ባትሪው ሲሞት ቤዙም ይሞታል። ትልቅ አምፕሊፋየርም ለጊዜው አያስፈልግም፤ መብራት ሲጠፋ የቤት ዕቃ ነው። ቤዙ ላይ በቀጥታ የምትሰካ፣ በስልክ ቻርጀር የምትሞላ፣ ጆሮ ማዳመጫ የምትቀበል ትንሽ ማጉያ አለች፤ እሷን። በቴፕ ወይም በቴሌቪዥን ስፒከር ማጫወት ግን አደራ፣ ስፒከሩ ይቀደዳል። እሷም ከሌለች አንድ የድሮ ዘዴ አለ፦ የቤዙን አናት ከቁም ሣጥን በር ጋር አስጠግታችሁ ምቱት። እንጨቱ ሁሉ አብሮ ይጮኻል።

እህቴ ይህን ሁሉ በስልክ ሰማችኝና «ኪቦርዱስ?» አለች። ኪቦርድ ከባንዱ ውጭም ብቻውን ይበላል አልኳት፤ ቤዝ ግን ሌላ ሰው ይፈልጋል። ቤዝ የምትጫወት ልጅ ክራር የሚመታ፣ ከበሮ የሚይዝ፣ የሚዘፍን ልጅ ፍለጋ መውጣቷ አይቀርም። ባለፈው ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት እየተዘጋ፣ ሰው ከጊዜው አምሽቶ እየገባ፣ እነዚያ ልጆች እርስ በርስ ምን ያህል እንደተጠፋፉ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። «ክራር የሚመታማ የጎረቤታችን ልጅ አለ» አለች፤ ከዚያ ዋጋውን ጠየቀችኝ።

ያገለገለ አጭር ቤዝ አዲስ አበባ ላይ አግኝተናል፤ ቀይ፣ ገላው ላይ ጭረት ያለበት፣ አንገቱ ቀጥ ያለ። መቃኛዎቹ አራቱም ይዞራሉ፣ ገመዱ ሲሰካ አይንሿሿም። ለስላሳ ክር ተገዝቶለታል። አሁን አንገቱ ተፈትቶ፣ ብሎኖቹ በላስቲክ ታስረው፣ በሁለት ብርድ ልብስ መሐል ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው እየጠበቀ ነው።